ዲፕ ቲሹ ማሳጅ፦ ጉልበት ሳያበዙ

ዲፕ ቲሹ ማሳጅ (ጥልቀት ያላቸውን የጡንቻ ክፍሎች በግፊት ማሸት) ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ጥርስ ነክሶ የሚቻል ሕመም ነው። ጡንቻ ግን ድንገት ሲጫኑት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ ጉልበት በጨመሩ ቁጥር እሱም ይብሳል። በማግስቱ የሚቀረው የበለዘ ቆዳ ነው።

መጀመሪያ የሚታሸውን ሰው ይጠይቁ። ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? አጥንቱ ሳስቷል ተብሏል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርጓል? ከሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጠንካራ ግፊት አይሞክሩ። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ፣ ግሎና እያመመው ከመጣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ አይሹት፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይላኩት።

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በመዳፍ እያሹ ጡንቻውን ያሙቁ። ዘይት አያብዙ፤ እጅ ካንሸራተተ ጡንቻውን መያዝ አይቻልም። ከዚያ ክንድዎን ወይም የጨበጡትን እጅ አሳርፈው የሰውነትዎን ክብደት ቀስ ብለው ይልቀቁበት። አልጋው ከፍ ካለ ክብደትዎ ስለማያግዝዎት ሥራው ሁሉ በአውራ ጣትዎ ላይ ይወድቃል፤ የብዙ ባለሙያዎች አውራ ጣት የሚጎዳውም እንዲህ ነው። ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሳይሆን 45 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ይሁን። የጠጠረ ቦታ ሲያገኙ እዚያው ቆም ይበሉ፤ ሲላላ ከእጅዎ ሥር ይታወቅዎታል፣ ያኔ ትንሽ ወደፊት ይሂዱ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ካልላላ ዙሪያውን ሠርተው ይመለሱበት።

«ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ልጨምር፣ ልቀንስ ወይስ በዚሁ ልቀጥል?» ይበሉ። ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሚሰጠው ይጠይቁ፤ ከ6 ካለፈ በዝቷል። ያም ሆኖ ከአፉ ይልቅ ሰውነቱን ይመኑ፦ ትንፋሹን ከያዘ፣ እጁን ከጨበጠ፣ የእግር ጣቶቹን ካጠፈ ወይም ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ ግፊቱን በግማሽ ቀንሰው ትንፋሹ እስኪረጋጋ ይጠብቁ። እጅዎን ግን በድንገት አያንሱ፤ ያስደነግጠዋል። ከደነዘዘው ወይም ከነዘረው ነርቭ እየተጫኑ ሊሆን ይችላልና ከቦታው ይውጡ።

የአንገት ፊት ለፊት፣ ብብትና የጉልበት ጀርባ ላይ ደም ሥሮችና ነርቮች ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ በጥልቀት አይጫኑም። የአከርካሪ አጥንትም፣ ከወገብ በላይ ኩላሊት ያለበት ጎንም እንዲሁ።

ለ1 ወይም 2 ቀን ቀለል ያለ የጡንቻ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ አስቀድመው ይንገሩት። ከዚያ ከዘለቀ ወይም ከበለዘ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቱን ይቀንሱ።