ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ትንሽ መኪና ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ስሟ የገነነ ትንሽ የቤተሰብ መኪና ዋጋዋ አይቀመስም። ከጎኗ የቆመችው፣ ፈላጊ ያጣችው ግን ረከስ ትላለች። መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የረከሰችው ስም ስለሌላት ነው ወይስ ችግር ስላለባት?

አርማዋን ብቻ አይቶ ማለፍ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሱዙኪ ባሌኖን ቶዮታ በራሱ አርማ ሕንድ ውስጥ ግላንዛ፣ በአፍሪካ ገበያዎች ደግሞ ስታርሌት ብሎ ሸጧታል። ባሌኖ ሲሉት ፊቱን የሚያዞር ሰው ስታርሌት ሲሉት ኪሱን ይዳብሳል።

ትልቁ ስህተት ግን መለዋወጫ ሳይጠይቁ መግዛት ነው። የዘይት ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ብዙም አያስቸግሩም። ጉዱ የሚመጣው የፊት መብራቷ ሲሰበር ወይም ስፖኪዮዋ ሲረግፍ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መለዋወጫ ቤት ደውላችሁ የሁለቱን ዋጋ ጠይቁ። «እናስመጣለን» ካሏችሁ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ አስረግጣችሁ ጠይቁ። እንደ ባሌኖ በሌላ አርማም የምትሸጥ መንትያ ያላት መኪና እዚህ ላይ ትጠቅማለች፤ የሞተር ዕቃ ከታዋቂዋ እህቷ ትጋራለች። የፊቷ ቅርፅ ግን ሊለያይ ይችላል።

ብቻን መሞከርስ? መንገዱ ሜዳ፣ መኪናዋ ባዶ ሆና የማትስብ መኪና የለችም። የ1 ሊትር ሞተር አቅሙ የሚታወቀው አምስት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ ዳገት ሲወጣ ነው። ቤተሰቡን ይዛችሁ ሂዱ። የሕፃን ወንበር ካላችሁ እሱንም እሰሩት። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞረው ዓይነት ሲታሰር የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ያስገፋል፤ ያኔ የረጅም ሰው ጉልበት ዳሽቦርዱ ጋ ይደርሳል።

የደኅንነት ኮከብ ቆጥሮ መወሰንም ያሳስታል። ኮከቡን የሚሰጠው የዩሮ ኤንካፕ (የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መዛኝ) ፈተና በየጊዜው እየከበደ ይሄዳል። ዳቺያ ሳንዴሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ያገኘችው 2 ኮከብ ብቻ ነው፤ አንዱ ምክንያት አደጋን ቀድመው የሚከላከሉ ቴክኖሎጂዎች ስለጎደሏት ነው። ተሳፋሪን የመጠበቅ ነጥቧ ለብቻው ስለተቀመጠ እሱን እዩ።

ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ቫልቭና ፒስተን እንቅስቃሴ የሚያናብበው ቀበቶ) በዕድሜም ያረጃል፤ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ጎማም ቆሞ ያረጃል። ጎኑ ላይ 3519 የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

በመጨረሻ፣ መልሳችሁ ስትሸጧትም ፈላጊዋ ያው ጥቂት ነው። በሁለት ዓመት ልትሸጧት ካሰባችሁ ታዋቂዋን ግዙ።