በጓሮ ኩሬ እንቁራሪቶች መሞት ሲጀምሩ

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሼ ወደ ጓሮ ብወርድ ኩሬው ጸጥ ብሏል። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ የሚያድር ኩሬ ነው፤ ቤታችን ያደረ እንግዳ ሁሉ ጠዋት በመጀመሪያ የሚያነሣው ስለዚሁ ጩኸት ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ በጠርዙ ሣር ላይ አምስት እንቁራሪቶች ሞተዋል። ሁለት ደግሞ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ይንሳፈፋሉ።

አንዷን በእንጨት ገልበጥ አድርጌ አየኋት። የጭኗ ውስጠኛ ክፍል በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ ነው። ሆዷ ተነፍቷል። «እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለውን ተረት በልጅነቴ ስሰማ እስቅ ነበር። ያቺን ካየሁ ወዲህ የተነፋ እንቁራሪት ሳይ ትዝ የሚለኝ ተረቱ ሳይሆን በቆዳዋ ሥር የተቋጠረው ውሃ ነው።

ቤታችን ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ኩሬውን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1996 ዓ.ም. ቆፈረው። ያን ጊዜ የጣራና የጎርፍ ውሃ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ማጠራቀም በየቀበሌው ይሰበክ ነበር። እኔ በዚያ ውሃ ችግኝ አፈላለሁ፤ ጌሾ፣ ሮማን፣ ጽጌረዳ፣ አንዳንዴም ቡና። እንቁራሪቶቹን ማንም አላመጣቸውም፤ ውሃው ሲኖር ራሳቸው መጡ። የጎመኔን ትልና የሌሊት ነፍሳት እየለቀሙ ሃያ ዓመት ያህል አብረውኝ ኖረዋል። ስለዚህ ሲሞቱ ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። በዚያው ሰሞን፣ ገና ሳይሞቱ ግን ማድረግ የማይገባኝን አድርጌ ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መቼ ነው መጠርጠር ያለባችሁ?

አንድ የሞተ እንቁራሪት ወረርሽኝ አይደለም። ድመት ትነክሰዋለች፣ ሽመላ ጥሎት ይሄዳል፣ እርጅናም አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ከሞቱና ምልክታቸው ከተመሳሰለ ግን ተላላፊ በሽታ ነው ብላችሁ ተነሡ። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ሬሳ አይደለም፤ የጠባይ ለውጥ ነው። ቀን ቀን ተደብቆ የሚውል እንቁራሪት በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ስትቀርቡት የማይዘል ከሆነ ታሟል።

በዓለም ላይ የእንቁራሪት ቀበኛ የሆኑት ሁለት በሽታዎች ናቸው።

አንዱ ራናቫይረስ ነው። በድንገት ይገባል፣ በጥቂት ቀናት ብዙ ይገድላል። በሆድ፣ በጭንና በእግር ላይ ደም የቋጠረ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ቆዳው ተቆርሶ ቁስል ይሆናል፣ ጣቱ የሚበሰብስም አለ። በዚህ ቫይረስ በጣም የሚጎዱት ጭራ ያላቸው ልጆች ናቸው፤ በተለይ እግር አውጥተው ከውሃ ሊወጡ የተቃረቡት። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ የኋላ እግራቸው ሥር ቀልቶ፣ አቅጣጫ እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያውን ይዋኛሉ። ቫይረሱ በውሃ፣ በመነካካትና የሞተውን በመብላት ይተላለፋል። የእንቁራሪት ልጆች የሞተ ወንድማቸውን ይበላሉ፤ ሬሳ ማንሣት ያን ያህል አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው። ራናቫይረስ ዓሣንም ይይዛል። ከጎርጎራ ቆረሶ በባልዲ አምጥቶ ኩሬ ውስጥ መልቀቅ የሚያምራችሁ ካላችሁ ይህንን አስቡበት።

ሁለተኛው ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው። ይኸኛው ደም አያሳይም፤ ስለዚህ ያታልላል። እንቁራሪት የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ በደሟ ያለውን ጨው የሚጠብቅላትም ቆዳዋ ነው። ፈንገሱ ይህን ቆዳ ያወፍረዋል፣ ጨዉ ይዛባል፣ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። ከውጭ የምታዩት ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መንሳፈፉን፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ጎን ዘርግታ መቀመጧን፣ መፍዘዟን ነው። ጤነኛ እንቁራሪት በጀርባዋ ብትገለብጧት ዓይን ሳይርገበገብ ትገለበጣለች። የታመመችው እግሮቿን እያወዛወዘች ትቀራለች። እኔ በጓንት ገልብጬ ያየኋት አንዷ እስከ አሥራ አምስት ስቆጥር አልተነሣችም፤ ራሴ አቃንቼ በእርጥብ ሣር ላይ አስቀመጥኋት።

ፈንገሱ የሚመቸው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ አይችለውም። የእኛ የክረምት ኩሬ ለእሱ ልክ ነው ማለት ነው። ባለ ጭራዎቹ ልጆች ፈንገሱን በአፋቸው ዙሪያ ባለው ጥቁር ጠንካራ ክፍል ብቻ ይዘው ጤነኛ መስለው ይዋኛሉ፤ የሚሞቱት እግር አውጥተው ቆዳቸው ሲለወጥ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፈንገሱ በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ እንቁራሪቶችን እየፈጀ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያዎችን እንዳመናመነ፣ ከእነርሱም 90ዎቹ ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚታመን ገለጸ። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም በብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ በስፋት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በባሌ ተራሮች የሚኖሩ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ እንቁራሪቶች አሉን። ይህን ካነበብሁ ወዲህ የጓሮዬ ነገር የጓሮዬ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

በሽታ ያልሆነውንም ለዩ። ሁሉም በአንድ ቀን ከሞቱ፣ የውሃ ነፍሳቱና ዓሣውም አብረው ካለቁ፣ ቁስልም ነጠብጣብም ከሌለ መርዝ ነው። ጎረቤት ሽንኩርቱን በፀረ ተባይ ረጭቶ በማግስቱ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ወደ እናንተ ይወርዳል። የልብስ እጣቢም እንዲሁ ነው። የዚህ መፍትሔ የጎርፉን መግቢያ መዝጋት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አይመለከተውም።

በመጀመሪያው ቀን

ለታመመ የጓሮ እንቁራሪት የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ጨው፣ በረኪና ወይም የሰው መድኃኒት ኩሬው ውስጥ ስለሚጨምር ነው። አትጨምሩ። በሽታው ያስቀረውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ።

መጀመሪያ ፎቶ አንሡ፤ ሆዱን፣ ጭኑን፣ ጣቶቹን። ቀኑንና የሞቱትን ቁጥር በደብተር ጻፉ። ከዚያ ሬሳውን ጠዋትና ማታ ልቀሙ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ አንሡና ፌስታሉን ገልብጣችሁ እሰሩት። ቢያንስ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ከኩሬው ርቃችሁ ቆፍሩ፣ እንቁራሪቶቹን ቅበሩ፣ ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫኑበት። ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ መጣል ማለት ከዚያ በታች ላለው ሁሉ በሽታውን መላክ ነው።

በሕይወት ያለውን ከመንካታችሁ በፊት ጓንቱን በዝናብ ውሃ አለቅልቁት፤ ደረቅ ጓንት ቆዳቸውን ይጎዳል፣ የጓንት ዱቄትም ለባለ ጭራዎቹ ልጆች መርዝ ነው። የሚሻለው አለመንካት ነው። የታመመውን በባልዲ ለይቶ ማስቀመጥ ደግነት ይመስላል፤ ግን የታመመ መስሎ ጤነኛውም አብሮ ይገባና በጠባብ ውሃ ውስጥ በሽታውን ይጋራሉ።

ሁለቱም በሽታዎች ወደ ሰው አይተላለፉም። ቢሆንም እንቁራሪት ሌሎች የሆድ ጀርሞችን ስለሚይዝ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ልጆች በተለይ።

የበሽታውን ስም በእርግጠኝነት የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ምርመራው ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚጠቅመው ከሞተ ሰዓታት ያልሞላው ነው፤ እንቁራሪት ቶሎ ይበሰብሳል። በበረዶ ላይ ወይም 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አቆዩት። የታመመውን በሕይወት ይዛችሁ ከተማ ለከተማ አትዙሩ።

ዕቃውና ጫማው

ባልዲ፣ መረብ፣ ቦት ጫማ፣ አካፋ፣ ኩሬውን የነካው ሁሉ ይታጠባል። ቅደም ተከተሉ ግድ ነው። በመጀመሪያ ጭቃው በብሩሽ ሙልጭ ብሎ ይውጣ፤ ጭቃ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣል። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡ፤ ለአሥር ሊትር ባልዲ አንድ ሊትር ማለት ነው። ዕቃው በዚያ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁ። ብጥብጡ የዕለቱ ይሁን፤ የአደረው ደካማ ነው። ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ፍሳሹም ከኩሬው ራቅ ብሎ ይደፋ።

ፈንገሱ ድርቀት አይወድም፤ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ዕቃ ላይ አይቆይም። ቫይረሱ ግን ይጸናል፤ ስለዚህ «ደርቋል» ብላችሁ በረኪናውን አትዝለሉ።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ገና ሬሳ ሳላይ፣ ታላቅ እህቴ ከማራኪ መጥታ ነበር። አትክልቷ አጠገብ ትንሽ የሲሚንቶ ኩሬ አላት። «እነዚህን ልጆቻቸውን ስጪኝ እስቲ፣ የእኔ ቤት ዝም ብሏል» አለችኝ። በአምስት ሊትር ጀሪካን ውሃና ሠላሳ የሚያህሉ ባለ ጭራዎች ሞልቼ ሰጠኋት። አንድም የታመመ አይመስልም ነበር። አሥር ቀን ሳይሞላ ደወለች። «አንቺ፣ ያመጣኋቸው ሁሉ ተነፍተው ተንሳፈፉ እኮ። የቀድሞዎቹም ሞቱ።» የእርሷ ኩሬ አራት ትልልቅ እንቁራሪቶች ነበሩት። እኔ በእጄ ነው የገደልኋቸው፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ከኩሬዬ የሚወጣ ነገር የለም። ውሃ፣ ጭቃ፣ እንቁላል፣ ልጅ፣ የውሃ ተክል አይወጣም፣ ከሌላ ቦታም አይገባም። ደንበኞች መጥተው ከውሃው ላይ ከሚያብበው «አንድ ሥር ብቻ» ይሉኛል። ጣናን ያስጨነቀውን እምቦጭ አስታውሳቸዋለሁ፤ ተክል ብቻውን አይጓዝም፣ ሥሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀ ችግኝ የማጠጣው ከሮቶ እንጂ ከኩሬ አይደለም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው እርጥብ አፈር ራሱ ውሃ ነውና። ለኩሬው የተለየ ባልዲና መረብ አለኝ፣ ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ኩሬውን ማድረቅ ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው። የፋሲል መዋኛ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል፤ እኔም ሐሳቡን ያገኘሁት እሱን እያየሁ ነው። ልጆቹ ሁሉ ከውሃ መውጣታቸውን ካረጋገጥሁ በኋላ የካቲት ላይ ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ ከቦዩ በራቀው የጌሾ መደብ ላይ አፈሰስሁ። ጭቃውን ጠርጌ እዚያው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ በተንሁት። ላስቲኩ እስከ ግንቦት ድረስ ባዶውን ፀሐይ ጠጣ። ከጥግ ያለውን የድንጋይ ክምር ግን አልነካሁትም፤ የተረፉት የሚጠለሉት እዚያ ነው። በአንድ በኩል ያጠላ የነበረውን የግራር ቅርንጫፍ ቆረጥሁ፣ ጠርዙ ላይ ጥልቀት የሌለው ቦታ አበጅቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርሁ። እንቁራሪት ፀሐይ ሞቃ ሰውነቷን ስታሞቅ ፈንገሱ ይዳከማል።

አዲስ እንቁራሪት አታምጡ። የተረፉት በሽታውን ተቋቁመው ይሆናል፣ ወይም ሳይታመሙ ተሸክመውት ይኖራሉ፤ አዲሱ እንግዳ ግን ምንም አያውቅም። ውሃው ንጹሕ ከሆነና መርዝ ካልገባ ከአካባቢው ቦይ ራሳቸው ይመጣሉ። እኔ ዘንድ በተከታዩ ሰኔ ሁለት መጡ። ባለፈው ክረምት አሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ በባትሪ፣ ከሩቅ።

የእህቴ ኩሬ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ነበር። ደጋግማ «ጥቂት ስጪኝ» ስትለኝ ደጋግሜ «አይሆንም እታለም፣ ጠብቂ» አልኋት። ዘንድሮ ሐምሌ ማታ ደወለችና ሳትናገር ስልኩን ወደ ውሃው አቀረበችልኝ። አንድ ብቻ ነበር የሚጮኸው።