አቮካዶው ጠወለገ? ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን እዩ

የአቮካዶ ችግኝ ቅጠሉን ሲጥል ሁሉም ሰው ወደ ውሃ ጎማው ነው የሚሮጠው። ቆይ! መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጉና እዩት። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል፣ ቀስ ብላችሁ በደንብ አጠጡት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ግን ችግሩ ሥሩ ጋ ነው፤ ውሃ በጨመራችሁ ቁጥር እየገደላችሁት ነው።

ለማረጋገጥ ከግንዱ ራቅ ብላችሁ አፈሩን ትንሽ ጫር ጫር አድርጉት። ጤነኛው ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ነው። የበሰበሰው ጥቁር ነው፣ በጣት ሲነኩት ይሰባበራል። ይህን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ የሚባል ተሕዋስ ሲሆን ውሃ የተኛበትን መሬት ይወዳል። ለዚህ ነው በተለይ ክረምት ላይ ዋልካ አፈር ያለው ግቢ ውስጥ አቮካዶ የሚያስቸግረው። ውሃውን አቁሙ፣ ዙሪያውን ማፋሰሻ ቦይ ቅደዱ። ችግኙ በቅርቡ የተተከለ ከሆነና ሥሩ ገና ካልተበላሸ፣ ከነአፈሩ አንስታችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሰፊ የአፈር ቁልል ላይ ትከሉት። ከሞተ ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ አቮካዶ አትትከሉ፤ ተሕዋሱ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

አደራ፣ ሥሩን በመቆፈሪያ አትኮትኩቱት! ምግብ የሚስቡት ሥሮች ከላይ፣ ስስ አፈር ውስጥ ናቸው ያሉት። አረሙን በእጅ ንቀሉና ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ አንዱ ምክንያት ጨው ነው። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ወይም ግንዱ ሥር የተከመረ ያልበሰበሰ ፍግ ያመጣዋል። ፍጉን አንሱ። አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ ይልቅ አልፎ አልፎ በብዛት አጠጡ፣ ጨውን ወደ ታች ያጥበዋል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አጥሮታል። የምድጃ አመድ ትደፉበታላችሁ? አቁሙ። አመድ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፣ ያኔ ብረት ቢኖርም ሥሩ መውሰድ አይችልም። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሻለዋል።

የተዳቀለ ችግኝ (የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀ) ከሆነ ደግሞ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣውን ቅርንጫፍ ሁሉ ቶሎ ቁረጡ። ዝም ካላችሁት ያ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ይወስድና የገዛችሁት ዝርያ ከላይ ይከሳል። ማዳቀያው ላይ የታሰረውን ላስቲክም ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ፍቱት፣ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል።