የጤናና የሕዝብ ቁጥር ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ እንስማ። አንዱ «በ2011 ከነበሩት ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው» ይላል። ሌላዋ «ኧረ 48 በመቶ ነው» ትላለች። ሁለቱም ሪፖርት ከፍተው ያሳያሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጉዱ ያለው ዓመቱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ባለሙያዎቹ «ኢዲኤችኤስ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። በ2014 እና በ2019 ደግሞ «ሚኒ» የተባሉ አጠር ያሉ ጥናቶች ነበሩ። 10 በመቶ የሚለው በፈረንጆቹ 2011 ከተካሄደው ጥናት የወጣ ነው፤ እኛ ያኔ ገና 2003 ላይ ነበርን። 48 በመቶ የሚለው የ2019ኙ ሚኒ ነው። የእሱ መረጃ የተሰበሰበው በእኛ 2011 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ፤ ብዙ ነገር የተለወጠበት ስምንት ዓመት።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አኃዝ ዜና ላይም ሆነ ፌስቡክ ላይ ሲያጋጥማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. የዓመቱን አቆጣጠር ለዩ

«እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚል ከሌለ አትመኑት፤ ዋናውን ሪፖርት ክፈቱ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥናቱ የተካሄደበት ዓመትና አኃዙ የሚናገርለት ጊዜ አንድ አይደሉም። የ2016ቱ ጥናት ስለ ወሊድ ቦታ ሲናገር ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ወደኋላ ያያል። ስለ እናቶች ሞት ሲናገር ሰባት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። «በ2016 ይህን ያህል እናት ሞተች» ብሎ የጻፈ ሰው ሠንጠረዡን አላነበበም ማለት ነው።

2. «ከስንት? ከእነማን?» ብላችሁ ጠይቁ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ እርምጃ ይኸኛው ነው። በ2016ቱ ጥናት ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ 35 በመቶ ናቸው። ብዙ ጊዜ ይህ «35 በመቶ የኢትዮጵያ ሴቶች» ተብሎ ይጻፋል። አይደለም። በወቅቱ ባለትዳር የሆኑ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ብቻ ናቸው የተቆጠሩት። ያላገቡ ግን የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያደርጉ ሴቶች ለብቻቸው ሲታዩ ማንኛውንም ዓይነት የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 58 በመቶ ነበሩ። ጤና ጣቢያ «ባልሽ የታለ?» ብሎ ወጣቷን የሚያሸማቅቅ ከሆነ ማንን እያሸማቀቀ እንደሆነ ይህቺ አንዲት መስመር ትናገራለች። አገልግሎት የሚያቅድ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ካደባለቀ ለማን እንደሚያቅድም ይጠፋበታል።

3. መረጃው ከየት መጣ?

ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ የናሙና ጥናት፣ ወይም የጤና ተቋም መዝገብ። ሦስቱም የየራሳቸው ችግር አለባቸው።

ቆጠራው አርጅቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ኢትዮጵያ የቆጠረችው ግን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የምንሰማው ሁሉ ትንበያ ነው። ለዚህም ነው ለ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ወደ 107 ሚሊዮን ሲል የተባበሩት መንግሥታት ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚለው። አንዱ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ የተነሡበት ቁጥርና የስሌት መንገዳቸው ስለሚለያይ ነው።

ይሄ ልዩነት ለጤናው ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። አንድ ወረዳ የክትባት ሽፋኑን ሲያሰላ የተከተቡትን ሕፃናት ከመዝገብ ይወስድና በወረዳው «ይኖራሉ» ለተባሉት ሕፃናት ያካፍላል። ያ «ይኖራሉ» የሚለው ከአሮጌው ቆጠራ የተተነበየ ነው። ከጎረቤት ወረዳ መጥቶ የተከተበ ልጅም ላይኛው ቁጥር ውስጥ ይገባል። ውጤቱ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሽፋን ስታዩ ከማጨብጨባችሁ በፊት አካፋዩን ጠይቁ። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የቤት ለቤት ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 39 በመቶ ነበሩ።

የናሙና ጥናቱ በበኩሉ ሰው በሚያስታውሰው ላይ ይመሠረታል። ዕድሜዋን «ሠላሳ ይሆነኛል መሰለኝ» የምትል እናት ብዙ ናት። ሪፖርቱ ኋላ ያሉትን አባሪዎች ብትከፍቱ ሰዎች በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ እንዴት እንደሚከማቹ ታያላችሁ።

4. ቅንፍና ኮከብ

በዚህ ጥናት ሠንጠረዦች ውስጥ በቅንፍ የገባ ቁጥር ከ25 እስከ 49 ሰዎች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። ኮከብ ካያችሁ ደግሞ ከ25 በታች ስለሆኑ ቁጥሩ እንዳይታይ ተደርጓል። ቅንፉን አውልቆ «ይህ ክልል ከሁሉም በለጠ» የሚል ጽሑፍ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

5. ጭማሪው እውነት ጭማሪ ነው?

ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሞቱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ዓመት 673፣ በ2011 ደግሞ 676 ሆነው ተገመቱ። «ሞት ጨመረ» ይባላል? አይባልም። የናሙና ግምት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በ2016 ወደ 412 ወረደ፤ እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለው ስፋት ግን ከ273 እስከ 551 ነው። ጠበብ ያለ ስፋት አይደለም። መውረዱ ደስ ይላል፣ «በትክክል 412» እያሉ መማል ግን አያዋጣም። ይህን ስፋት የምታገኙት የናሙና ስህተት ግምት የሚለው አባሪ ውስጥ ነው። ማንም የማይከፍተው ገጽ እሱ ነው።

6. አማካዩን ፍቱት

የ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር፤ ቀነ ገደቡ እ.ኤ.አ. 2015 ነው። በ2016 የተገኘው 4.6 ሆነ። «ዕቅዱ ትንሽ ጎደለው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሲፈታ ግን አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2 ነው። 4.6 ራሱ የሚገልጸው ቦታ ብዙም የለም። አንዱ ጋ የሚወለደው ልጅ ወላጆቹን የሚተካ ያህል አይደለም። ሌላው ጋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከየት ይምጣ የሚለው ነው ጭንቀቱ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም እንደዚያው ነው፦ ከ1,000 አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መመሪያ ማውጣት አይቻልም።

7. ስታጋሩት እንዲህ ጻፉት

«እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የናሙና ጥናት መሠረት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከነበሩት ወሊዶች 26 በመቶው በጤና ተቋም የተካሄዱ ናቸው።» ዓመቱ፣ ምንጩ፣ የጊዜ ርዝመቱ፣ ከእነማን እንደሆነ ሁሉም አለ። ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ላይክም አያስገኝም። ቢያንስ ግን ያቺ 48 በመቶ ያለችው ሴትዮ ስትመጣ መልስ አላችሁ።