ጣቢያችን ይከፈት ብሎ ለመጠየቅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። «ለባቡሩ ጻፍልን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግን «ባቡሩ ይምጣልን» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

መጀመሪያ መስመሩን እወቁት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሃራ ገበያ ድረስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ሥራውን የጀመረው በ2007 ነው። በሰሜኑ ጦርነትም ጉዳት ደርሶበታል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ሐዲድ መነጠፉ ብቻውን ምንም አያደርግም። የኃይል ማከፋፈያ፣ ከላይ የተዘረጋ ሽቦና ሲግናል ያስፈልጉታል።

ከዚያ ጣቢያችሁን ከአጥር ውጭ ሆናችሁ እዩ። ሽቦው አለ? ተቆርጧል? መስኮትና በሩስ? ጥበቃውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ እንዳታነሱ፤ ጣጣው ብዙ ነው።

ጥያቄውን ነጥላችሁ አቅርቡ፦ ኃይል መቼ ይገናኛል? የጎደለውን ማን ይጠግናል? የእኛ ጣቢያ ጭነት ያነሳል ወይስ ሰው ብቻ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀድሞ የሚመጣው ጭነት ይመስለኛል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ አዋሽ ላይ ደግሞ የጅቡቲው መስመር ይገኛል። ትንሽ መንደር ወረፋው መጨረሻ ላይ ናት። ስለዚህ ናፍቆታችሁን ተዉትና ማሾውን፣ ማሽላውን፣ ከብቱን ቁጠሩ። በወር ስንት ኩንታል ይወጣል? በአይሱዙ ስንት ይከፈላል? ነጋዴዎቹ ራሳቸው ይፈርሙ።

አድራሻው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው፤ ግልባጭ ለወረዳው። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥርና ቀን በእጃችሁ ባለው ቅጂ ላይ አስመቱ።