ጌትዌዩ ፒንግ ይመልሳል፣ ሚተሩ ግን ዝም፦ የሲሪያል ሴቲንግ ችግርና መፍትሄ

ቡሬ፣ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ዱቄት ፋብሪካም ይሁን ውሃ ፓምፕ ላይ የምትሰሩ ልጆች የምትጠይቁኝ ያው አንድ አይነት ነገር ስለሆነ እዚው ላስቀምጠው። ፓኔሉ ውስጥ ያለው ፓወር ሚተር ወይ የፓምፑ ድራይቭ በአርኤስ 485 (የሲሪያል ሽቦ መስመር) ሞድባስ አርቲዩ በሚባል ቋንቋ ነው የሚያወራው፣ ስካዳው (ከኮምፒውተር ሁሉን የምንከታተልበት ሶፍትዌር) ደግሞ በኔትወርክ ሞድባስ ቲሲፒ፣ ጌትዌዩ መሀል ሆኖ ያስተረጉማል። ፒንግ መለሰ ማለት የኔትወርኩ ጎን ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ስለ ሲሪያሉ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚ ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት የሲሪያል ፖርቱን ቲኤክስ (የመላኪያ) እና አርኤክስ (የመቀበያ) መብራት እዩ።

ቲኤክስ ጭራሽ አይበራም?
ጥያቄው ሲሪያሉ ጋ አልደረሰም። ስካዳው በፖርት 502 መጥራቱን፣ የሚተሩ አድሬስ ለዛ ሲሪያል ፖርት መመደቡን፣ ጌትዌዩ ሲሪያሉ ላይ ማስተር (ጠያቂው) መሆኑን እዩ። ባውድ ሬት (የሲሪያሉ ፍጥነት) እዚ ጋ ምንም አያገባውም።

ቲኤክስ ይበራል፣ አርኤክስ ጨለማ
ስካዳው ታይምአውት (ጠብቄ መልስ አጣሁ) ወይ ኤክሴፕሽን ኮድ 11 (ጌትዌዩ ከሚተሩ መልስ አላገኘም) ይላል። አንደኛ ፖርቱ አርኤስ 232 ላይ ቀርቶ እንዳይሆን። ሁለተኛ ባውድ ሬት፣ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት)፣ ስቶፕ ቢት (የባይቱ ማብቂያ)፤ ከሶስቱ አንዱ ከተዛባ ሚተሩ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ብሎ አይመልስም፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የሞድባስ ደንቡ 19200፣ ኢቨን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት ይላል፣ ፓሪቲ ከሌለ 2 ስቶፕ ቢት፣ ገበያ ላይ ያለው ሚተር ግን ብዙው 9600፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ አትገምቱ፣ የሚተሩን ሜኑ ከፍታችሁ አንብቡና ጌትዌዩን እንደሱ አድርጉት። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ ኤና ቢን (ሁለቱን የ485 ሽቦዎች) አገላብጡ፣ አምራቾቹ ስሙ ላይ አይስማሙም፣ ቢገለበጥም የሚቃጠል ነገር የለም።

አርኤክስ ይበራል፣ ሲአርሲ ኤረር (ተበላሽቶ የደረሰ መልእክት) ግን ይበዛል
ብዙ ጊዜ አዲስ ሚተር ከተጨመረ ቡሃላ ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጡ አድሬሳቸው 1 ስለሆነ ሁለቱ እኩል ይመልሱና ይጋጫሉ። ከ1 እስከ 247 የተለያየ ስጡ። አድሬሱ ደህና ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ፦ 120 ኦም ሬዚስተር በሁለቱ ጫፍ ብቻ፣ ሁሉንም አጥፍታችሁ በኤና በቢ መሀል ስትለኩ ወደ 60 ኦም ማሳየት አለበት። ገመዱ ከሚተር ወደ ሚተር ይሂድ እንጂ በየአቅጣጫው አይበተን፣ ከሞተር ኬብል ጋርም አንድ ትሬይ ላይ አይተኛ።

ትንሽ ሲነበብ ይሰራል፣ ብዙ ሲነበብ ይቆማል
ይሄኛው ሰው ያስለፋል፣ ሁሉም ባውድ ሬት ላይ ይጣላል እንጂ ታይምአውቱን የሚያስበው የለም። በ9600 አንድ ባይት ከነፓሪቲው 11 ቢት ነው፣ 1.15 ሚሊሰከንድ ገደማ። 125 ሬጅስተር (ሚተሩ ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ስትጠይቁ መልሱ 255 ባይት ነው፣ ማለትም መልሱ ብቻውን 290 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። የጌትዌዩ ታይምአውት 200 ሚሊሰከንድ ተብሎ ከተሞላ እንዴት ይድረስ? 1000 አድርጉት፣ የስካዳው ግን ከጌትዌዩ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ጌትዌዩ የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ስካዳው ደግሞ ይጠይቃል፣ ወረፋው ይከመራል። ደሞ የሞተ ሚተር ሊስቱ ላይ አትተዉ፣ በ1 ሰከንድ ታይምአውትና በ3 ሪትራይ (ድጋሚ ሙከራ) እሱ ብቻውን በየዙሩ 4 ሰከንድ ይበላል፣ ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ የዘገዩ ይመስላሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴቲንጉ ጠፋ
አፕላይ ብቻ ተብሎ ሴቭ አልተደረገም። ሴቭ፣ ሪስታርት፣ ከዛ ራሳችሁ ፓወሩን አጥፍታችሁ አብሩና እዩ።

ክረምት ላይ መብረቅ ከጣለ ቡሃላ ድንገት ዝም ካለ፣ በተለይ ገመዱ ከህንጻ ወደ ህንጻ የሚሄድ ከሆነ፣ ሴቲንግ አትፈልጉ። ቲኤክስ እየበራ የፖርቱ ቺፕ ሊሞት ይችላል፣ ላፕቶፕ ላይ የዩኤስቢ 485 አዳፕተር ሰክታችሁ ከጌትዌዩ የሚወጣ ባይት ካላያችሁ ፖርቱ ሄዷል። የሚተካው አይሶሌሽን (ሲሪያሉን ከሌላው ኤሌክትሪክ የሚለይ) ያለው ይሁን፣ ሰርጅ ፕሮቴክተርም ይጨመርበት።

ቁጥሩ እየመጣ ግን ቮልቴጁ እብድ የሆነ ነገር ካሳየ ሲሪያሉ ሰላም ነው፣ ወይ ሬጅስተሩ በአንድ ተንሸራቷል፣ ወይ የሁለቱ ሬጅስተር ቅደም ተከተል ተገልብጧል፣ ስካዳው ላይ አስተካክሉት።