ሞተር ተወዳዳሪ ለመሆን ለምታስቡ ልጆች፦ ሳይረፍድ መራቅ ያለባችሁ ስህተቶች

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ አካባቢ ያላችሁ ሞተር ወዳጆች ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ከተከለከለ ወዲህ ሞተር የሚወድ ወጣት እንደልቡ የሚታየው ከተማው ዳር ነው፣ ጋራዥ ቁጭ ስትሉ ደሞ ወሬው ሁሉ ሞቶጂፒ (ትልቁ የዓለም የሞተር ውድድር) ነው፣ ማርኬዝ እንዲህ አደረገ ባኛያ እንዲህ ወደቀ። ከመሀል አንዱ "እኔም እኮ እችላለሁ" ሲል ሌሎቹ ይስቁበታል። እኔ አልስቅም። ቱርክ ኬናን ሶፉኦግሉ በ2007 እስኪያሸንፍ ድረስ በሞተር አንድም የዓለም ሻምፒዮን አልነበራትም (ይሄና ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ እሱ ደሞ አምስት ጊዜ አሸነፈና ሌላ ልጅ አሳደገ፣ ቶፕራክ ራዝጋትልዮግሉን፣ ቶፕራክም በ2021፣ በ2024 እና በ2025 የወርልድ ሱፐርባይክ፣ ማለትም ገበያ ላይ በሚሸጡ ትልልቅ ሞተሮች የሚደረገው የዓለም ውድድር፣ ሻምፒዮን ሆነ። አፍሪካ ውስጥም ብራድ ቢንደር አለ፣ የደቡብ አፍሪካ ፖቼፍስትሩም ልጅ፣ በ2016 የሞቶ3 (ከሞቶጂፒ በታች ያለው የትንንሽ ሞተሮች እርከን) ሻምፒዮን ሆኖ በ2020 ቼክ አገር ብርኖ ላይ የሞቶጂፒ ውድድር ያሸነፈ። ስለዚህ ህልሙ ችግር የለበትም፣ ችግሩ ልጆቹ ህልሙን የሚጀምሩበት መንገድ ነው።

አውራ ጎዳናን ትራክ ማድረግ

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። እሁድ ጠዋት ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወይ የእንጦጦን ኩርባ እየተሻሙ የሚወርዱ ልጆች አሉ፣ ልምምድ ላይ ነን ይላሉ። ልምምድ አይደለም። ትራክ ላይ አንድ ተወዳዳሪ የሚያደርገውን አስቡት፣ ያቺኑ ኩርባ ሃያ ዙር ይመላለስባታል፣ ፍሬን የሚይዝበት ቦታ የታወቀ ነው፣ በሚቀጥለው ዙር ሁለት ሜትር ዘግይቶ ይሞክርና ለውጡን በሰዓት ያየዋል፣ ቢስት ደሞ የሚቀበለው ባዶ ሜዳና ጠጠር ነው፣ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው አለ፣ ዶክተር አለ። እናንተ ግን ኩርባዋን አንዴ ታልፏታላችሁ፣ ከወዲያ ማዶ ሲኖ ይምጣ፣ ድርቆሽ የጫነ አህያ ይምጣ፣ አስፋልቱ ላይ ናፍጣ ይፍሰስ አታውቁም፣ ካለፋችሁ በኋላም ከትናንቱ በምን እንደተሻላችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም። የተማራችሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አለመሞታችሁን።

አንዳንዱ "የማን ደሴት (አይል ኦፍ ማን፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መሀል ያለችው ደሴት) ውድድርስ በመንገድ ላይ አይደል?" ይለኛል። አዎ፣ ከ1907 ጀምሮ ነው፣ የአሁኑ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ መንደር ውስጥ ሁሉ ያልፋሉ። ግን መንገዱ በህግ ተዘግቶ ነው፣ ነጂዎቹ ዙሩን ለማጥናት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፣ ያም ሆኖ እዛ መንገድ ላይ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። የቶፕራክ አባትም ቱርክ ውስጥ በአንድ ጎማ በመንዳት ስሙ የገነነ ሰው ነበር፣ በ2017 በሞተር አደጋ ነው ያረፈው፣ ልጁ ግን ትራክ ላይ ሻምፒዮን ሆኖ ቀጠለ። እናትና አባታችሁ በር በሩን እያዩ የሚጠብቁት እናንተን ነው፣ በናታችሁ ከአስፋልቱ ውረዱ።

ትልቅ ሞተር ካልገዛሁ ማለት

ሌላው ደሞ ቦክሰር ወይ አፓቺ ይዞ "ይሄማ ምን ያስተምራል፣ ስድስት መቶ ሲሲ ባገኝ ነበር" የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ሞቶ3 እራሱ እኮ 250 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ ጣልያናዊው ሮሲም ስፔናዊው ማርኬዝም በልጅነታቸው በትንንሽ ሞተር ጀምረው የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ በ125 ሲሲ ነው ያነሱት። ትንሽ ሞተር ስህተት አይሸፍንም። ትልቁ ላይ ኩርባውን አበላሽታችሁ ብትገቡ ሲወጣ ጋዝ ሰጥታችሁ ታካክሱታላችሁ፣ ትንሹ ላይ ግን አንዴ ፍጥነቷን ከጣላችኋት አለቀ፣ እስክትነሳ ትጠብቃላችሁ፣ ስለዚህ ፍጥነት ይዞ መታጠፍን የግድ ታስተምራለች። በዛ ላይ እኛ ያለንበት ከፍታ አለ፣ 2,600 ሜትር አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፣ ደከመ ብላችሁ የምታማርሩት ሞተር ቆላ ቢወርድ ሌላ ሞተር ነው የሚሆነው።

እና ምን እናድርግ ካላችሁ አፈር ላይ ውጡ። ይሄን ሰው አይነግራችሁም፣ ግን ሮሲ ጣልያን ውስጥ ታቩሊያ በምትባለው መንደሩ ላይ የአፈር ሜዳ ያለው ለጌጥ አይደለም፣ ባኛያና ቤዜኪ የመሳሰሉት እሱ የሚያሳድጋቸው ነጂዎች የሚሰለጥኑት እዛ ነው፣ ማርኬዝም አገሩ ሩፌያ የሚባል የአፈር ትራክ ላይ ይውላል፣ የሞቶጂፒ ሻምፒዮን የነበረው ኬሲ ስቶነርም አውስትራሊያ በልጅነቱ ያደገው አፈር ላይ ሲንሸራተት ነው። የኋላ ጎማ ሲያመልጥ ሰውነታችሁ ሳይደነግጥ ጋዙን በመጠኑ መያዝ የሚማረው በዝግታ፣ መውደቅ ብዙ በማይጎዳበት ቦታ ነው። እኛ ጋር ደሞ አፈር ሞልቷል።

አሰራሩ ቀላል ነው። ገረጋንቲ የተደለደለበት ባዶ ቦታ ፈልጉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ መረሬ አፈር ከሆነ ግን በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ጎማ ይይዛል ተጠንቀቁ፣ ድንጋዩን ለቅማችሁ አውጡ። ከዛ ውሃ የሞላ ሀይላንድ በሁለቱ ጫፍ አቁሙና ዙሪያውን እንቁላል ቅርጽ አድርጋችሁ ዙሩ፣ በመጀመሪያ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ። ዓይናችሁ ሀይላንዱ ላይ ሳይሆን ከሱ አልፎ የምትሄዱበት ቦታ ላይ ይሁን፣ ዓይን የሄደበት ሞተሩ ይሄዳልና። ወደ ግራ ስትዞሩ የግራ እግር መሬት ለመሬት ቀለል ብሎ ይንሸራተታል፣ ክብደታችሁ ግን በውጪኛው፣ በቀኙ የእግር መርገጫ ላይ ነው። ጋዙን ክር እንደመሳብ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ የኋላው ጎማ ትንሽ ሲወጣ ይሰማችኋል፣ እዛ ላይ ጋዙን ድንገት አትዝጉት፣ ሞተሩን ገልብጦ የሚወረውራችሁ ድንገት መዝጋቱ ነው። አንዱ ጓደኛችሁ ቆሞ በስልኩ ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው ቪዲዮ ይቅረጽ። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ሥራው ይሄ ነው።

ፍሬንን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሞተረኛ የፊቱን ፍሬን ይፈራና የኋላውን ብቻ ይረግጣል። አስፋልት ላይ ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚመጣ ዋናው የሚያቆመው የፊቱ ነው። በሁለት ጣት፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ ከዛ ጠበቅ፣ ባዶ ቦታ ላይ ቀጥ ብላችሁ እየነዳችሁ ተለማመዱት።

መውደቅን ጀግንነት ማድረግ

የጠባሳ ፎቶ የሚለጥፉ ልጆች አሉ። እስቲ ነጥቡን እንየው፣ አንደኛ 25 ነጥብ፣ ሁለተኛ 20፣ ሶስተኛ 16 እያለ እስከ አስራ አምስተኛ ይወርዳል፣ የወደቀ ዜሮ። በ1999 ኤሚሊዮ አልዛሞራ የሚባል ስፔናዊ የ125 ሻምፒዮን የሆነው በዛ ዓመት አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ እየለቀመ። ሁዋን ሚርም በ2020 ሞቶጂፒን የወሰደው በአንድ ድል ነው። በ2024 ባኛያ የእሁዱን ውድድር (ቅዳሜ ደሞ አጭር ውድድር አለ) 11 ጊዜ አሸንፎ ማርቲን ሶስት ጊዜ ብቻ አሸንፎ ዋንጫው የማርቲን ሆነ፣ በ10 ነጥብ፣ ባኛያ በወደቀባቸው ቀኖች ምክንያት። ቡድን ወጣት ሲመርጥ አንዴ ፈጥኖ ሶስቴ ሞተር የሚሰብረውን አይወስድም፣ የተሰበረ ሞተር ወጪ ነው።

ሳይድኑ መመለስ

ማርኬዝ ሐምሌ 2020 ስፔን ሄሬዝ ትራክ ላይ እሁድ ቀን የቀኝ ክንዱ ተሰበረ፣ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ በዛው ሳምንት ቅዳሜ ሞተር ላይ ወጣ። አልሆነም። ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ውስጥ የገባው ብረት ተሰበረ፣ ዓመቱ በሙሉ ቀረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ከ2019 በኋላ እንደገና ሻምፒዮን የሆነው በ2025 ነው። ያ ሁሉ ሐኪምና ገንዘብ ያለው ሰው እንደዛ ከሆነ እኛ እንዴት ልንሆን ነው።

እኛ ሰፈር ደሞ ወድቆ ቀጥታ ወጌሻ ጋ መሄድ አለ። ወለምታ የሚያቃኑ ጎበዝ ወጌሻዎች አሉ አልንቃቸውም፣ ግን ስብራት ይሁን ወለምታ በራጅ ሳይታይ እጅን በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ ማሰር ደም ይዘጋል፣ በዚህ ምክንያት እጅ እስከመቆረጥ የደረሱ ሰዎች አሉ። ከታሰራችሁ በኋላ ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይ ከጠቆረ በዛችው ሰዓት ፈትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ እስከ ነገ አይባልም። ጭንቅላት ከተመታችሁና ለአፍታም ቢሆን ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ወይ የሆነውን ካላስታወሳችሁ፣ ሐኪም ሳያያችሁ ሞተር ላይ አትወጡም። እናንተ ጓደኞቹ ደሞ፣ እሱ "ደህና ነኝ" ቢላችሁ እንኳ ቁልፉን ውሰዱበት።

ልብስና ሄልሜት

ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳውን አላወራም፣ ያደረገውም ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን አያስረውም። ያልታሰረ ሄልሜት መጀመሪያ ስትመቱ ይበራል። አንዴ በኃይል ከመሬት የተጋጨ ሄልሜት ደሞ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ሥራውን ጨርሷል፣ ስለዚህ ታሪኩን የማታውቁት ሰልባጅ አትግዙ። በትልቁ ውድድር ከ2018 ጀምሮ ልብሱ ውስጥ ኤርባግ ግዴታ ነው። እናንተ ከሄልሜት ቀጥሎ ገንዘብ ስታገኙ ጓንት ግዙ፣ ሰው ሲወድቅ የሚያስቀድመው እጁን ነው።

የሚሠራው ሞተሩ ብቻ ይመስላቸዋል

ቢንደር በ2023 ጣልያን ሙጄሎ ትራክ ላይ 366.1 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሄዷል፣ ያን ፍጥነት በፍሬን ሲያወርደው ክብደቱን የሚሸከመው ክንዱና ደረቱ ነው። ኳርታራሮ በ2021 ሄሬዝ ላይ እየመራ ክንዱ ውስጥ ያለው ጡንቻ አብጦ ስለተወጠረበት ወደ 13ኛ ወርዶ ጨረሰ፣ ከዛ ኦፕራሲዮን ሆነ። ሱሉልታ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ብትወጡ ሯጮቹን ታዩ የለ፣ ከኋላቸው ተከተሉ፣ አየሩ ነጻ ነው። ሳይክልም ንዱ። ክብደት እያነሱ ክንድ ማሳበጥ ግን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፣ የሚያስፈልገው ወገብ፣ ጭንና ትንፋሽ ነው። ቡሪራምና ሴፓንግ የሚባሉት የታይላንድና የማሌዥያ ትራኮች ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ደሞ ብርድ ለለመደ የደጋ ልጅ ሌላ ፈተና ነው፣ ከቻላችሁ አዳማ ወርዳችሁ እኩለ ቀን ላይ መሮጥም አለ።

ምን እንደተሰማችሁ አለመናገር

መካኒኩ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሶስት ነገር ነው፣ ወደ ኩርባው ስትገባ፣ መሀሉ ላይ፣ ስትወጣ ምን አደረገ? "አልተመቸኝም" መልስ አይደለም። ደብተር ያዙ፣ ቀኑን፣ የጎማውን አየር፣ ምን እንደቀየራችሁና ምን እንደተሰማችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁንም አጠንክሩ፣ ጣልያንኛ ወይ ስፓኒሽ የሚችል ካለ የበለጠ።

ዕድሜንና ገንዘብን መዋሸት

ይሄ ይከብዳል ግን ልናገረው። ከ2023 ጀምሮ ሞቶ3 ለመግባት በመደበኛው ትንሹ ዕድሜ 18 ነው፣ በ18 የሚገቡት ልጆች ግን አስር ዓመትና ከዛ በላይ የተወዳደሩ ናቸው። ስቶነር 14 ዓመቱ እያለ ቤተሰቡ ከአውስትራሊያ ተነስቶ እንግሊዝ የገባው አገሩ ላይ በዛ ዕድሜ አስፋልት ላይ መወዳደር ስለማይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ዛሬ 25 ዓመት ሞልቶት ሞተር የጀመረ ልጅ ሞቶጂፒ አይገባም፣ ይሄን የሚክዳችሁ ሰው አይወዳችሁም። ሞቶክሮስ ግን ኬንያና ኡጋንዳ ድረስ አለ፣ መካኒክነት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ የሰፈራችሁን ህጻናት ማሰልጠን አለ፣ ወንድም ሴትም። ስፔናዊቷ አና ካራስኮ በ2018 ወንዶችን አሸንፋ የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ለስድስት ዓመት ልጅ የኪራይ ሳይክልና አፈር መሬት ይበቃዋል።

የቤተሰብ መሬት ሸጦ ትልቅ ሞተር የሚገዛ ሰውም አለ። አታድርጉት፣ እዚህ ፊም (የዓለም የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን) ያጸደቀው የአስፋልት ትራክ የለም፣ የት ልትነዱት ነው? ያ ገንዘብ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ትራክ ላይ ለመሰልጠን ቢውል ይሻላል። "አውሮፓ ቡድን አስገባችኋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ" የሚል ከመጣ ደሞ ዝቅተኛ እርከን ላይ ነጂ ለቦታው መክፈሉ እውነት ስለሆነ በቀላሉ ያሳምናችኋል። የቡድኑን ስም ይንገራችሁ፣ ከዛ የውድድሩን የተሳታፊ ዝርዝር እራሳችሁ ክፈቱ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ስሙ እዛ ላይ ከሌለ አንድ ብር አትስጡት።